ጋዝ ያልሆነው ኦክሳይድ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከጎጃም የደረሱን አምስት ደብዳቤዎች ላይ ላዩን ሲታዩ የሚገናኙ አይመስሉም። አንዱ ስለ ክፍል ትምህርት፣ ሌላው ስለ እርሻ መሬት፣ ሦስተኛው ስለ ሸክላ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ በጫማ ካርቶን ውስጥ ስለሚገኝ ከረጢትና ስለ ድንጋይ አቧራ ይጠይቃሉ። ሁሉም የሚመለሱት ግን በአንድ ውሁድ፣ ሲሊካ ተብሎም በሚጠራው በሲሊከን ዳይኦክሳይድ ጠባይ ስለሆነ በአንድነት ልናስተናግዳቸው መርጠናል። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ያለው የቀሩት በእርሱ ላይ ስለሚቆሙ ነው።

ጥያቄ፦ «በደጀን ከተማ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ካርቦንና ሲሊከን በፒሪዮዲክ ሠንጠረዥ በአንድ ምድብ፣ አንዱ ከሌላው ሥር ተቀምጠው ይገኛሉ። ሁለቱም አራት የውጭ ኤሌክትሮኖች አሏቸው፤ ሁለቱም አንድ አቶም ለሁለት ኦክስጅን በሆነ ቀመር ይዋሃዳሉ። ታዲያ የአንዱ ኦክሳይድ ከአፍንጫችን የሚወጣ ጋዝ፣ የሌላው ደግሞ ድንጋይ የሆነው ለምንድን ነው? አንዲት ተማሪዬም ‹ውሃ ውስጥ የማይሟሟና ሊትመስን የማይለውጥ ነገር እንዴት አሲዳዊ ኦክሳይድ ይባላል?› ብላ ጠይቃኝ የሰጠኋት መልስ እኔንም አላረካኝም።»

መልስ፦ መምህር፣ እርስዎንም ሆነ ብዙ ተማሪዎችን የሚያሳስተው ቀመሩ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀመር በእርግጥ ያለን አንድ ሞለኪውል ይቆጥራል፤ አንድ ካርቦን በግራና በቀኝ ሁለት ኦክስጅን ይዞ፣ ከጎረቤቱ ጋር እምብዛም ሳይጣበቅ፣ ራሱን ችሎ ይንቀሳቀሳል። የሲሊከን ዳይኦክሳይድ ቀመር ግን ሞለኪውልን አይቆጥርም፤ የሚነግረን ምጥጥንን ብቻ ነው። የሲሊከን ዳይኦክሳይድ ማዕድን በሆነው በኳርትዝ ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊከን በአራት ኦክስጅኖች መካከል ተቀምጧል፤ አራቱም በባለ አራት ፊት ፒራሚድ ማዕዘኖች ላይ ይገኛሉ። እያንዳንዱ ኦክስጅን ደግሞ ለሁለት ሲሊከኖች የጋራ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሲሊከን የሚደርሰው አራት ግማሽ ኦክስጅን፣ ማለትም ሁለት ሙሉ ኦክስጅን ነው። አንዱ ከሌላው ጋር በሦስቱም አቅጣጫ እየተያያዘ ስለሚሄድ፣ አንዲት የኳርትዝ አሸዋ ቅንጣት ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ መረብ ናት ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ካርቦን እንዲህ ያለውን መረብ ያልሠራበት፣ ሲሊከን ደግሞ ነጠላ ሞለኪውል ሆኖ ያልቀረበት ምክንያት በትስስሮቻቸው ጥንካሬ ላይ ነው። ካርቦን ትንሽ አቶም ስለሆነ ወደ ኦክስጅን በጣም ይጠጋል፤ በመካከላቸው የሚፈጠረው ድርብ ትስስርም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ እስከ 800 ኪሎ ጁል በሞል ይደርሳል። አንድ ነጠላ የካርቦንና የኦክስጅን ትስስር ግን ወደ 360 ገደማ ነው፤ ሁለት ነጠላዎች ቢደመሩ እንኳ አንዱን ድርብ አይተካከሉም። ስለዚህ ካርቦን ድርቡን ይመርጣል። በሲሊከን ዘንድ ሒሳቡ ይገለበጣል። አቶሙ ተለቅ ያለ በመሆኑ የሁለቱ አቶሞች የጎን ለጎን መደራረብ ደካማ ነው፤ ድርብ ትስስሩ ወደ 640 ሲገመት ነጠላው ብቻውን 450 ገደማ ይሆናል። ሁለት ነጠላዎች ወደ 900 ስለሚደርሱ፣ ሲሊከን አንዱን ድርብ ትቶ አራት ነጠላ ትስስሮችን ወደ አራት አቅጣጫ ይዘረጋል። ይህን ስሌት ተማሪዎች ራሳቸው በሰሌዳ ላይ ቢሠሩት መልካም ነው፤ በዚህ አምድ ከተጻፈው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እንዲይዙ ብንጠየቅ የምንመርጠው ይህንኑ ነው።

ውጤቱ ወዲያው ይታያል። የቀዘቀዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ወደ ጋዝነት የሚለወጠው፣ ሙቀቱ መለየት ያለበት ሞለኪውልን ከሞለኪውል ብቻ ስለሆነ ነው፤ የውስጡን ትስስር አይነካም። ኳርትዝን ለማቅለጥ ግን መረቡ ራሱ መበጠስ ስላለበት ሙቀቱ ወደ 1,700 ዲግሪ መድረስ ይኖርበታል። ጥንካሬውም ከዚያው ይመጣል፤ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7 ሲሆን የመስኮት መስታወትና የቢላዋ ብረት 5.5 ገደማ ናቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድንም ቢሆን ማስገደድ ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪዎች ጋዙን ከ400,000 ያህል ከባቢ አየር ጋር በሚስተካከል ግፊት ጨምቀውና አሙቀው እንደ ኳርትዝ መረብ እንዲሠራ አድርገውታል። ግፊቱ ሲነሳ ግን አይጸናም።

ወደ ተማሪዎ ጥያቄ ስንመጣ፣ ጥያቄው ትክክለኛና ጥሩ ነው እንላለን። ሲሊከን ሜታሎይድ ነው፤ ከብረት አስተኔዎችና ከኢብረት አስተኔዎች መካከል ባለው ድንበር ላይ ይገኛል። የብረት አስተኔ ኦክሳይዶች በአብዛኛው ቤዛዊ፣ የኢብረት አስተኔ ኦክሳይዶች በአብዛኛው አሲዳዊ ናቸው። በድንበሩ ላይ ያሉት ግን አንድ ወጥ አይደሉም፦ የቦሮን ኦክሳይድ አሲዳዊ ነው፤ የአርሰኒክና የአንቲሞኒ ባለ ሦስት ኦክስጅን ኦክሳይዶች ከአሲድም ከቤዝም ጋር ይሠራሉ፤ የሲሊከን ኦክሳይድ ደግሞ ወደ አሲዱ ያደላ ደካማ ነው። ሊትመስ የሚፈትነው ውሃ ውስጥ የገባውን ነው፤ ኳርትዝ ደግሞ በአንድ ሊትር ውሃ ከጥቂት ሚሊግራም በላይ አይሟሟም፤ ስለዚህ ሊትመሱ የሚነግረን የአሲዳዊነትን አለመኖር ሳይሆን የመሟሟትን አለመኖር ነው። አንድ ኦክሳይድ አሲዳዊ መሆኑ የሚታወቀው ከማን ጋር በመዋሃዱ ነው፤ ሲሊካም የሚዋሃደው ከቤዝ ጋር ነው።

ለዚህ ምስክር በእርስዎ ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ ሳይኖር አይቀርም። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በብርጭቆ ክዳን በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ብዙ ወራት ከተቀመጠ ክዳኑ አልከፈት ይላል። ቤዙ በክዳኑና በአፉ መካከል ሰርጎ የብርጭቆውን ሲሊካ ቀስ በቀስ ወደ ሶዲየም ሲሊኬት (የሶዲየምና የሲሊካ ውሁድ) ስለሚለውጠውና ይህም እንደ ሙጫ ስለሚያጣብቅ ነው። እንዲህ ያለው ኬሚካል በጎማ ወይም በፕላስቲክ ክዳን እንዲዘጋ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ከአሲዶች ወገን ብርጭቆን የሚበላው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው፤ ይህ የሚሆነው ፍሎሪን ከኦክስጅንም በላይ ሲሊከንን አጥብቆ ስለሚይዝ እንጂ ሲሊካ ቤዛዊ ስለሆነ አይደለም። ይህ አሲድ ቆዳን ዘልቆ እስከ አጥንት የሚጎዳ በመሆኑ በትምህርት ቤት ሊያዝ አይገባውም።

አሸዋ ከሶዲየም ካርቦኔት ጋር ተደባልቆ በብርቱ ሲሞቅ ሲሊካው ቤዙን ይወስድና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በጋዝነት ይወጣል፤ ብርጭቆ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ሶዲየሙ መረቡን እዚህም እዚያም ስለሚበጥሰው የማቅለጫው ሙቀት ይወርዳል፤ ኖራ ካልተጨመረበት ግን የሚገኘውን ነገር ውሃ ያሟሟዋል። በቀዝቃዛና በእርጥብ ቦታ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ በዝናብ ውሃ ውስጥ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከድንጋይ ሲሊኬቶች ላይ ቤዞቹን ይነጥቅና ሲሊካውን ብቻውን ይተወዋል። በእሳት ላይ ሲሊካ ያሸንፋል፤ ምክንያቱም ተሸናፊው ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። በዝናብ ውስጥ ግን ካርቦኑ ያሸንፋል። ሁለተኛው መንገድ የጎጃምን አፈር የሠራ ነው፤ ወደ ቀጣዩ ደብዳቤ ስንደርስ እናየዋለን።

አንድ ነገር እንጨምር። ለዚህ ትምህርት ደጀንን የሚወዳደር ቦታ የለም። ከከተማዋ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ መጀመሪያ በጥቁሩ ባዛልት፣ ቀጥሎ በኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም ባለበት ደለል፣ ወደ ወንዙ ሲቀርብ ደግሞ በቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ያልፋል። ተማሪዎችዎ ከየንብርብሩ ጭብጥ ጭብጥ ድንጋይ ይዘው ቢመጡ፣ ፈጭተው ሎሚ ቢያንጠባጥቡበት የኖራው ድንጋይ ይንተከተካል፤ የአሸዋው ድንጋይ ቅንጣቶች ግን ዝም ይላሉ። ቅንጣቶቹን ያጣበቃቸው ነገር ኖራ ከሆነ ትንሽ አረፋ ሊታይ ስለሚችል በዚህ አይደናገሩ። ከዚያ የአሸዋውን ቅንጣት በተጣለ ጠርሙስ ላይ ሲያሹት ጠርሙሱ ይጫራል። ሲሊከን ስሙን ያገኘው በላቲን ባልጩትን ከሚያመለክት ቃል ነው፤ ስዊድናዊው ኬሚስት ቤርዜሊየስ ንጥረ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1824 ከመለየቱ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ሰው ባልጩቱን ቆዳ ሲፍቅበት ኖሯል።

ጥያቄ፦ «በእነማይ ወረዳ በብቸና አካባቢ ገበሬ ነኝ። መሬታችን ዋልካ ነው፤ በክረምት ያበጠ እንደ ሊጥ ይያያዛል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ወደ እንጅባራ ዘመድ ጥየቃ ስሄድ ያየሁት አፈር ግን ቀይ ነው፤ ሰዉም ‹አፈራችን ኮመጠጠ፣ ኖራ ካልተጨመረበት እህል አይሰጥም› ይላል። የልማት ሠራተኛው ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ጥቁር ድንጋይ የተገኙ ናቸው አለኝ። ይህ እንዴት ይሆናል?»

መልስ፦ አባታችን፣ የልማት ሠራተኛው የነገረዎት እውነት ነው። የጎጃም ደጋ አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ በወጣ ባዛልት የተሸፈነ ነው፤ የጮቄ ተራራም ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። የባዛልት ክብደት ግማሽ ገደማው ሲሊካ ሲሆን፣ ይህ ሲሊካ ግን እንደ አሸዋ ነጻ ሆኖ የተቀመጠ ሳይሆን ከአሉሚኒየም፣ ከብረት፣ ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ጋር በሲሊኬትነት የታሰረ ነው። ሁለቱን አፈሮች የለያቸው የድንጋዩ ዓይነት ሳይሆን ከድንጋዩ የወጣው ሲሊካ የት ሄደ የሚለው ነው።

ዝናብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወደ ድንጋዩ ሲገባ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙንና ሶዲየሙን ይነጥቃል። ከመረቡ የተላቀቀው ሲሊካም ሲሊሲክ አሲድ በሚባል ትንሽ ሞለኪውል መልክ በጥቂት በጥቂቱ በውሃው ውስጥ ይሟሟል። ዝናቡ በሚበረታበትና መሬቱ ተዳፋት ሆኖ ውሃው ሳይቆም በሚወርድበት ቦታ፣ ውሃው ዛሬ ያሟሟውን ይዞ ይሄዳል፤ ነገም አዲስ ውሃ ይመጣል። ይህ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲደጋገም ቤዞቹ ያልቃሉ፣ ሲሊካው ይሳሳል፤ በቀላሉ የማይሟሟት አሉሚኒየምና ብረት ብቻ ይከማቻሉ። የብረቱ ኦክሳይድ አፈሩን ያቀላዋል። እንጅባራ አካባቢ ያዩት ይህ ነው። የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳዊነት መለኪያው) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየሙ ወደ ውሃው ይወጣና የእህሉን ሥር ያደነዝዛል፤ የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይዶች ደግሞ የማዳበሪያውን ፎስፈረስ አጥብቀው ስለሚይዙት ገበሬው የከፈለበት ማዳበሪያ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። በአዊ ብዙ ገበሬ ማሳው ላይ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል የሚያከስልበት አንዱ ምክንያት ይህ የአፈር ድካም ነው።

ሜዳ በሆነው በእርስዎ በኩል ግን ውሃው ይቆማል። ከላይ ከተዳፋቱ የታጠበውም ሲሊካና ቤዝ ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ በጋ ሲገባ ውሃው ሲተን እነርሱ ይቀራሉ። በዚህ ጊዜ ሲሊካው እንደገና ከአሉሚኒየም ጋር እየተያያዘ አዲስ የሸክላ ማዕድን ይሠራል። ይህ ማዕድን ቅጠል በቅጠል የተደራረበ ነው፤ በእያንዳንዱ ቅጠል ውስጥ አንድ የአሉሚኒየም ገበታ በሁለት የሲሊካ ገበታዎች መካከል እንደ ወጥ በእንጀራ ተሸፍኖ ይገኛል። ሁለቱ ገበታዎች ጀርባ ለጀርባ ከሚቀጥለው ቅጠል ጋር የሚያያዙት በደካማ ኃይል ስለሆነ ውሃ በመካከላቸው ገብቶ ያራርቃቸዋል፤ አፈሩ ያብጣል። ሲደርቅ ውሃው ይወጣና ቅጠሎቹ ይቀራረባሉ፤ አፈሩ ይሰነጠቃል። በቀዩ አፈር ውስጥ ያለው የሸክላ ማዕድን ግን ለአንድ አሉሚኒየም ገበታ አንድ የሲሊካ ገበታ ብቻ ነው ያለው፤ ቅጠሎቹም ተጣብቀው ውሃ ስለማያስገቡ እንደ ዋልካ አያብጥም።

የዋልካው መከራም በረከትም ከዚሁ ይመነጫል። በክረምት ውሃ አቁሮ የጤፉን ሥር ያፍናል፤ ነገር ግን ቤዞቹን በቅጠሎቹ መካከል ስለሚያቆይ አይኮመጥጥም፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሽምብራና ጓያ የሚበቅሉትም አፈሩ ውስጡ ባቆየው ርጥበት ነው። ስለ ጥቁረቱ ብዙ ሰው የሚያምነው የበሰበሰ ነገር ስለበዛበት ነው የሚለውን ነው፤ እንዲህ አይደለም፤ ትንሽ የበሰበሰ ነገር ከዚህ ሸክላ ጋር በጥብቅ ሲያያዝ ብቻውን ያጠቁረዋል።

ለእንጅባራ ዘመዶችዎ የሚሰጠው ኖራ የአፈሩን ኮምጣጣነት ይሰብራል፣ አሉሚኒየሙንም መልሶ ያረጋዋል። የሄደውን ሲሊካ ግን አይመልስም፤ አዲሱም ኖራ በጊዜ ብዛት ስለሚታጠብ በየተወሰነ ዓመቱ መደገም አለበት። የኖራው ድንጋይ እዚያው በዓባይ ሸለቆ፣ ከደጀን በታች ተደርድሮ ያለ በመሆኑ፣ የጎጃም አንዱ ወገን የሌላውን ወገን ቁስል የሚያክምበት መድኃኒት ከራሱ ምድር አለ ማለት ነው፤ ይህ ኖራ በወቅቱና በበቂ መጠን ለገበሬው እንዲደርስ አጥብቀን እንመኛለን።

የሄደውስ ሲሊካ የት ገባ ለሚሉ፦ ከፊሉ ከዓባይ ጋር ይወርዳል። ከፊሉን በጣና ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ዳያተም የተባሉ ዋቅላሚዎች ዛጎላቸውን ይሠሩበታል። ከፊሉን ደግሞ ሣርና ሰብል በሥሩ ስቦ በቅጠሉና በአገዳው ውስጥ እንደ ጥቃቅን ብርጭቆ ያኖረዋል፤ ሣር ሲያጭዱ እጅ የሚቆርጠው የቅጠሉ ጠርዝ በዚህ የተሳለ ነው። እናቶች ድስት በአመድ ሲፈገፍጉ ጥላሸቱ የሚለቀውም አመዱ ቅባቱን የሚያሟሟ ቤዝና ጥላሸቱን የሚፍቅ የሲሊካ ቅንጣት አንድ ላይ ስለያዘ ነው።

ጥያቄ፦ «በሞጣ አካባቢ የምኖር የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ጭቃውን ሲያቦኩ የተሰበረ ሸክላ ገል ወቅጠውና ነፍተው ይጨምሩበታል። ሥራው አድካሚ ስለሆነ ላግዛቸው ብዬ በገሉ ፈንታ ከወንዝ ያመጣሁትን ነጭ አሸዋ ቀላቀልኩበት። ሲደርቅ ምንም አልሆነም፤ ከእሳት ከወጣ በኋላ ግን ብዙው ማሰሮና ምጣድ ጥው እያለ ተሰነጠቀ። እናቴ አልተቆጡኝም፤ እኔ ግን ጥፋቴ ምን እንደ ነበር ማወቅ እፈልጋለሁ።»

መልስ፦ ወንድማችን፣ ለማገዝ ያሰብከው መልካም ነበር፤ ለጥፋቱም ምክንያት የሆነ አንድ ቁጥር አለ፦ 573። ኳርትዝ 573 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ የመረቡ ትስስሮች ሳይበጠሱ ማዕዘኖቻቸው ብቻ በቅጽበት ዞር ይላሉ፤ ቅንጣቱም በድንገት ይለጠጣል። ሲቀዘቅዝ በዚያው ዲግሪ ላይ በድንገት ይኮማተራል። ሲሞቅ ጭቃው ገና አልጠነከረምና ብዙ ጊዜ ይችለዋል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ዙሪያው ያለው ሸክላ ደርቆ ጠንክሯል፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ነጭ ቅንጣት በአንድ ጊዜ ሲያንስ በዙሪያው ጥቃቅን ስንጥቅ ይተዋል። ቅንጣቱ ከበዛና ከተለቀ ስንጥቆቹ ይገናኛሉ። የሰማኸው «ጥው» የሚለው ድምፅ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

እናትህ የሚጨምሩት ገል ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። አንድ ጊዜ በእሳት ያለፈ ሸክላ ስለሆነ ሲደርቅ አይኮማተርም፤ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝም ከዙሪያው ጭቃ ጋር እኩል ይሰፋል፣ እኩል ይጠባል፤ አዲስ ስንጥቅ ቢነሳ እንኳ ቅንጣቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ገሉን መውቀጥ ለሸክላ ሠሪዋ የከበደ ሥራ ነው፤ ምንም ዓይነት አሸዋ ግን እንዲሁ በቀላሉ አይተካውም። የዋልካ ጭቃ ያለ ገል ቢሠራ ደግሞ ገና በጥላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ለእነማዩ አባታችን ከሰጠነው መልስ ትረዳለህ።

አሸዋ መጠቀም ፈጽሞ አይቻልም ማለታችን አይደለም፤ በልዩ ልዩ አገር ሸክላ ሠሪዎች ደቃቅ አሸዋ በልክ ይጨምራሉ። ዋናው ነገር በዚያች 573 ዲግሪ ላይ በፍጥነት አለማለፍ ነው። ቴርሞሜትር ባይኖርም ዓይን ይረዳል፦ ሸክላው በጨለማ ሲታይ ገና ደብዛዛ ቀይ በሚሆንበት ሙቀት ላይ ነህ ማለት ነው። ቅላቱ ሊጠፋ ሲቃረብ አመዱንና ፍም የሆነውን ኩበት ከላዩ ሳይገፉ፣ ነፋስም ሳያስገቡ፣ በራሱ ጊዜ እንዲበርድ መተው ያድናል። በማለዳ ቅዝቃዜ ምጣዱን ከፍም ውስጥ ስቦ ማውጣት ግን ገል ያለበትንም ሊጎዳ ይችላል። እናትህ ይህን ሁሉ ያለ ቁጥር እንደሚያውቁት አንጠራጠርም፤ አንድ ማታ አጠገባቸው ተቀምጠህ መቼ እንደሚከፍቱና መቼ እንደማይከፍቱ እየጠየቅህ ብትጽፈው ለእኛም ላክልን።

ጥያቄ፦ «ከፍኖተ ሰላም ነው። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ‹አትብሉ› የሚል የተጻፈበት ትንሽ ከረጢት አለ። ሕፃን ልጄ ቀዶ አንዱን ቅንጣት ዋጠ። መርዝ ነው?»

መልስ፦ እህታችን፣ ግልጽ ወይም ነጭ የሆነው ሲሊካ ጄል መርዝ አይደለም፤ ይህም ያው ሲሊከን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ውሃ የሚይዙ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች ስላሉት የአንድ ግራም የውስጥ ገጽታ ቢዘረጋ ብዙ መቶ ካሬ ሜትር ይሆናል። «አትብሉ» የተባለው በተለይ ሕፃን እንዳይታነቅበት ነው። ሰማያዊ ቅንጣት ከሆነ ግን ቀለሙ የኮባልት ጨው ሊሆን ስለሚችልና ኮባልት ስለሚጎዳ፣ ከረጢቱን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ልጁ ካሳለ ወይም መተንፈስ ከቸገረው ቀለሙ ምንም ይሁን ምን ሳይዘገዩ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ «በደብረ ማርቆስ ኮብልስቶን እጠርባለሁ፤ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አሁን ደግሞ ለአንድ ሕንፃ ግድግዳ ከዓባይ በረሃ የሚመጣ ቀላ ያለ ድንጋይ እንድጠርብ ተጠይቄ ክፍያው የተሻለ ነው። አቧራው ሳንባ ይጎዳል ሲባል እሰማለሁ። ሁለቱ ድንጋዮች ልዩነት አላቸው?»

መልስ፦ ወንድማችን፣ ትልቅ ልዩነት አላቸው፤ ሥራውን ከመጀመርህ በፊት መጠየቅህም ደግ አደረግህ። የምትጠርበው ጥቁር ባዛልት ሲሊካው ከላይ እንዳልነው በሲሊኬትነት የታሰረ ስለሆነ ነጻ ኳርትዝ እምብዛም የለውም። አቧራው አይጎዳም ማለት አይደለም፤ ማንኛውም የድንጋይ አቧራ ለዓመታት ሲተነፈስ ሳንባን ያውካል። ቀላ ያለው ድንጋይ የአሸዋ ድንጋይ ከሆነ ግን አብዛኛው ኳርትዝ ነው፤ ስትጠርበው የሚነሳው አቧራም ከዚህ ሁሉ የከፋው ነው።

በዓይን የሚታየው አቧራ ከአፍንጫና ከጉሮሮ አያልፍም። ሳንባው ጥልቅ ድረስ የሚገባው ከ5 ማይክሮን የማያልፈው፣ በአየር ላይ ለሰዓታት የሚንሳፈፈውና ዓይን የማያየው ነው። አዲስ የተሰበረ ኳርትዝ ገጽታው ላይ የተበጠሱ ትስስሮች ስላሉት ኃይለኛ ነው፤ የሰውነት ተከላካይ ሕዋስ ቅንጣቱን ሲውጠው ሊፈጨው አይችልም፤ ሕዋሱ ይሞታል፣ ቅንጣቱ ግን ምንም ሳይሆን ይወጣና ሌላው ሕዋስ ይውጠዋል። ይህ ሲደጋገም ሳንባው ጠባሳ እየሆነ ይጠነክራል። ሲሊኮሲስ የሚባለው ሕመም ይህ ነው። ጠባሳ የሆነው ሳንባ አይመለስም፤ የሳንባ ነቀርሳም በቀላሉ ይይዘዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1997 በሥራ ቦታ የሚተነፈስን የክሪስታል ሲሊካ አቧራ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል።

አንተ የጠየቅኸው ልዩነታቸውን ነው፤ እኛ ግን ሥራውን ከተቀበልህ እንዴት እንደምትሠራው ሳንነግርህ ማለፍ አንችልም። ድንጋዩን ከመምታትህ በፊት ውሃ አጠጣው፤ በምትጠርብበትም ጊዜ ውሃው እንዳይቋረጥ፤ የረጠበ አቧራ አይነሳም። በኤሌክትሪክ መቁረጫ በደረቁ አትቁረጥ፤ በመዶሻና በመሮ ከሚነሳው እጅግ የሚበልጥ ደቃቅ አቧራ ያወጣል። ነፋሱ ከጀርባህ ወደ ፊት እንዲሄድ አድርገህ ተቀመጥ፤ ጓደኛህም ከነፋሱ በታች እንዳይሆን። አፍና አፍንጫን በነጠላ ወይም በሻሽ መሸፈን እንዲህ ያለውን ደቃቅ አያግድም፤ ለአቧራ የተሠራና ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ጭምብል ያስፈልጋል፤ አሠሪህ እንዲያቀርብልህ የመጠየቅ መብት አለህ። ሲመሽ ቦታውን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረግ፤ የሠራህበትንም ልብስ ቤት አራግፈህ ልጆች እንዲተነፍሱት አታድርግ፤ ውጭ አውልቀህ እርጥብ እንዳለ ይታጠብ።

ስድስት ዓመት ስለሠራህ ሳል ባይኖርብህም እንኳ ሐኪም ቤት ሄደህ የደረት ራጅ ብትነሳ መልካም ነው። ሲሊኮሲስ በራጅ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ሊመስል ስለሚችልም፣ ለሐኪሙ ስንት ዓመት ድንጋይ እንደጠረብህና ድንጋዩ ጥቁሩ ይሁን ቀዩ ሳይጠይቅህ አስቀድመህ ንገረው።